ማር የነካ ጣት

ወንድሜን ሰውመሆንን የገደልሁት እኔ ነኝ ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። የገደልሁበትም በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ፣ ጭብጥ የማይሞላ ስኳር ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ንስሐ ስገባ እንኳ መዋሸቴንና መሳደቤን አንድ በአንድ ተናግሬ እሱን እዘለው ነበር።

ቤታችን ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ ሲወረድ፣ ክረምት ውኃ ተኝቶበት በኅዳር ሩዝ የሚታጨድበት ሜዳ ዳር ነው። አባቴ ታደለ ሩዝ ያርሳል፤ ጓሮ ደግሞ ስድስት ቀፎ ነበረው። የኑጉ አበባ ሲያልቅ ማር ይቆርጥና በቅል አድርጎ ለእናቴ ያስረክባል። ቅሉ ከእናቴ አልጋ ራስጌ፣ ከማርያም ሥዕል ሥር ይሰቀላል። ማር በቤታችን መድኃኒት ነበር፤ ለሳል፣ ለቃጠሎ፣ ለአራስ፣ ለክፉ ቀን። እኔ ለማር ስል ስንት የውሸት ሳል እንደ ሳልሁ እግዜር ይቁጠረው።

ስኳር ግን ሌላ ነገር ነው። የፋብሪካ ነው ይላሉ፤ በከብት አጥንት ነው የሚያነጡት ይላሉ፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ትል ያፈላል ይላሉ። እናቴ ውዳሴ ስኳር ከደጇ አታስገባም። ይህን ሁሉ ስሰማ ስላደግሁ፣ ስኳር ማለት ገና ነፍስ ያልዘራ ነጭ ትል ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም ያምረኛል።

ሰውመሆን የተወለደ የነሐሴ መጨረሻ ነው፤ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ሕፃናት አልበረከቱም፤ እሱ በጤና ሲመጣ እናቴ ከደስታዋ ብዛት ስሙን እንኳ ጮክ ብላ አትጠራውም ነበር። ክርስትና ከተነሣ ወዲህ ጧት ጧት አንድ ሥራ ነበራት። ቅሉን ታወርዳለች፤ ሌባ ጣቷን አጥልቃ ታወጣና አፉ ውስጥ ታደርግለታለች። "አፍህ ማር ይሁን። ዳኛ ፊት የማትረታ ያድርግህ" ትለዋለች። እሱም ያቺን ጣት እንደ ጡት ይጠባታል። እኔ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብዬ ምራቄን እውጣለሁ። ያች ጣት ስንት ጊዜ ቅሉ ውስጥ እንደ ገባች ያን ጊዜ አልቆጠርሁም። ዛሬ እቆጥራለሁ።

ከወንዙ ዳር አልጣሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ውኃ የምንቀዳበት፣ ወጥ የምንሠራበት ሸክላ ሁሉ የእጇ ሥራ ነው፤ ከቤቷ ግን እህል ውኃ አይቀመስም። የእናቴ እኩያ ሆና ሳለ ልጆቹም ሁላችን "አልጣሽ" ብለን በደረቁ እንጠራት ነበር። "እትዬ" የሚላት አልነበረም። ሰው ከበላች በኋላ በማታ ጅብ ሆና ትወጣለች ይሉናል። እኔ ባየኋት ቁጥር እጆቿ እስከ ክርናቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ እናቴ ማሰሮ አምጪ ብላ ላከችኝ። አልጣሽ ከገበያ መመለሷ ነው መሰል፣ ስኳር የተቋጠረበት ላስቲክ ከጎኗ ነበር። ዓይኔን ከዚያ ላይ መንቀል አቃተኝ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከልጇ ደብተር አንድ ቅጠል ቀድዳ ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ ጠቀለለችልኝ።

"ማንም ሳያይሽ ብዪው፣ እመቤቴ" አለችኝ። "ከእኔ እጅ መሆኑን ቢያውቁ ይገርፉሻል።"

ከሩዝ ክምር ጀርባ ተደብቄ ከግማሽ በላዩን ላስሁት። የቀረውን ብቻዬን መጨረስ ነፍሴ አልፈቀደችም። እናቴ ጓሮ ወጣ ስትል ወደ አልጋው ሄጄ ጣቴን በምራቄ አራስሁ፤ ወረቀቱ ላይ ነካሁና ለሰውመሆን አፍ ሰጠሁት። ማር ስለሌለኝ ነው እንጂ ምርቃቱንማ ችዬዋለሁ። "አፍህ ስኳር ይሁን" አልሁት። በባዶ ድዱ ሳቀልኝ።

ሐሙስ ዕለት ሆዱ ደረቀ።

ዓርብም፣ ቅዳሜም ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሴቶቹ "የጡት ልጅ እንዲህ ያደርገዋል" ብለው ቀለል አደረጉት። እናቴ ግን ሆዱን ይከፍትለት ብላ ማሩን በለብ ያለ ውኃ በጥብጣ ትግተው ጀመር፤ መጀመሪያ ጧትና ማታ፣ ኋላ በቀን አራት ጊዜ። እኔ ሌላ ነገር እያሰብሁ ነው። ትሎቹ ተፈልፍለዋል። ሆዱ ውስጥ ተጠላልፈው መውጫውን ዘግተውታል።

ሰኞ የዓይኑ ቆብ ወረደ። እንቅልፉ እንደ መጣ ሰው ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ ያየኛል። ትሎቹ ከውስጥ ሆነው የሚጎትቱት መሰለኝ። ልቅሶው ከስቶ እንደ ጫጩት ጪው ጪው ማለት ሆነ። ማክሰኞ አንገቱን አልሸከም አለ፤ እናቴ ስታነሣው ራሱ ወደ ኋላ ይወድቃል። ጡት ብትሰጠው ወተቱ በከንፈሩ ዳር ይፈስሳል እንጂ አይውጥም። ጡቷ ተወጥሮ ሲያማት ግድግዳው ላይ ትልበው ነበር። ያን የወተት ሽታና የእርጥብ ጭቃ ሽታ እስከ ዛሬ አንድ ላይ ነው የማስታውሰው።

ረቡዕ ጧት ጎረቤታችን አያ ካሴ ተጠርቶ መጣ። ቡዳ የበላውን ሰው አስለፍልፎ የሚያድን ሰው ነው ይባላል። ሕፃኑን ገለጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይኼ ልጅ ተበልቷል" አለ።

አባቴ ከበሩ ሥር እንደ ቆመ "እስቲ ወረታ ጤና ጣቢያ ላድርሰው" አለ። "በእግር ቢሆን ሰዓት ነው።"

"አብደሃል? የተበላን ሰው መርፌ ከነካው ያልቅለታል። በገዛ እጅህ ልትገድለው ነው ዛዲያ?"

አባቴ ዝም አለ። አባቴን በሌላ ነገር ሁሉ ይቅር ብየዋለሁ፤ በዚህች ዝምታው ግን እስከ ሞተ ድረስ ተቀይሜው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፈርቼ ዝም ያልሁት እኔ ደግሞ ምን ልባል ነው?

ቡዳ የበላው ሰው ጭስ ሲታጠን የበላውን ሰው ስም ይጠራል። ሰውመሆን አፍ የለው። አያ ካሴ አሰበና "የእናቱ ልጅ ትምጣ፤ በእኅቱ አፍ ይናገራል" አለ። እኔንም ወንድሜንም አንድ ጋቢ አለበሱን። ከሥር የፍየል ጠጉርና ነጭ ሽንኩርት የተጨመረበት ፍም አስገቡ። ጨለማ ነው፤ ያፍናል፤ ይለበልባል። የሰውመሆን ራስ ደረቴ ላይ ወድቋል፤ ሲተነፍስ አይሰማኝም።

"ማነህ? ተናገር! ከማን ቤት መጣህ?" ይላል የአያ ካሴ ድምፅ ከውጭ።

ለእኔ ግን ከሰውመሆን ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር የሚነጋገር መሰለኝ። እግዜር ስለ ስኳሩ ነግሮት፣ በራሴ አፍ እንዳምን የሚጠብቀኝ መሰለኝ። ከተናገርሁ ትሎቹ ይወጣሉ፤ ወንድሜም ይድናል። ስለዚህ ሁሉንም ከሥሩ ልናገር ቆረጥሁ፤ ከማን ቤት እንዳመጣሁት፣ እንዴት እንደ ሰጠሁት።

"አልጣሽ…" አልሁ። ቀጥሎ ያለውን ሳሉ ቆረጠብኝ።

ጋቢው ተገፈፈ። ቤቱ በእልልታና በጩኸት ተደበላለቀ። የተረፈውን ቃል የፈለገ ሰው አልነበረም። "ስኳር ነው! ስኳር ነው እኮ!" እያልሁ የአንዷን ሴት ቀሚስ ያዝሁ። "ትቃዣለች፣ አንሷት ከዚህ" አለች።

አልጣሽን ከነጭቃ እጇ ጎትተው አመጧት። የበላው ሰው እንትፍ ካለበት የተበላው ይድናል ይባላል። አልጣሽ ግን ወዲያው አልተፋችም። ጎንበስ ብላ የሰውመሆንን ክንድ አነሣችና ለቀቀችው፤ እንደ ጨርቅ ወደቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሕፃኑን አይታ የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች።

"ስለ ማርያም፣ ይኼ ልጅ እስትንፋሱ እያጠረ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሱት።"

"ትፊበት!" አለ አያ ካሴ።

እንትፍ አለችበት። ቀና ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ቀጣይዋ እኔ ነኝ ብዬ ከጎተራው ኋላ ተሸጎጥሁ። ዛሬ ያን አስተያየት ደጋግሜ አምጥቼ አየዋለሁ። ስሟን ለምን እንደ ጠራሁ ከዚያ ቤት ውስጥ የገባት እሷ ብቻ ነበረች። አፏን ብትከፍት እኔም አብሬያት ከጉድ እገባ ነበር። ከንፈሯን ገጠመች።

ሰውመሆን ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ሞተ። ቀትር ላይ ከቀብር የተመለሱት ወንዶች ወደ ወንዙ ወረዱ። አባቴ አብሯቸው አልሄደም፤ አልከለከላቸውምም። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ሸክላ ሲሰበር ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት እያልሁ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ፣ ከዚያ ወዲያ መቁጠር ስለማላውቅ እንደገና ከአንድ ጀመርሁ። ማታ አልጣሽ ልጇን ይዛ በይፋግ መንገድ ሄደች አሉ።

እናቴ በኀዘኗ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያጽናናት ነበር። "ማሩን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልከለከልሁትም" ትል ነበር ለመጣው ሁሉ።

ነርስነት ስማር አንድ ከሰዓት በኋላ መምህራችን ስለ ሕፃናት ምግብ ያስተምረን ነበር። ማርም ስኳርም ለሰውነት ያው ጣፋጭ ናቸው አለን፤ ማር ለትልቅ ሰው ሳል ያለዝባል፣ ስኳር ጥርስ ያበላሻል፣ ሁለቱም ሲበዙ ይጎዳሉ። ቀጠለና ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በጭራሽ አይሰጥም አለ። በዓይን የማይታይ የተሕዋስ ዘር ይኖርበታል፤ ለአዋቂ ሆድ ምንም አይደለም፤ ባልጠነከረ አንጀት ውስጥ ግን ይበቅልና መርዝ ያወጣል።

"መጀመሪያ ሆዱ ይደርቃል" አለ። "ቀጥሎ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል። ልቅሶው ይደክማል…"

አንገቱ ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል ብዬ እሱ ሳይናገር ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። መጨረሻ ላይ ያለውን አልጻፍሁትም። ተነሥቼ ወጣሁ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እኔ አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ከጀርባዬ ያልወረደው ሸክም ወረደ። የሕንፃው ጥግ ደርሼ ቆምሁና፣ እኔ ካልሆንሁ የማን ጣት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሰውመሆን አልተመረመረም፤ ደሙን ያየ ሐኪም የለም፤ በማር ነው የሞተው ብዬ መጽሐፍ አልመታም። ሆኖም በስኳር አልሞተም። አልጣሽም አልበላችውም።

አሁን ሐሙሲት አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ደማቸው ሲለካ ቁጥሩ ሰማይ ነክቷል። "ምን ወሰዱ?" ስላቸው "ኧረ ስኳር በአፌ አልዞረም፤ ማር ብቻ ነው፣ የንብ ነው" ይሉኛል። ማርም ያው ደም ውስጥ ስኳር ነው እያልሁ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እከራከራለሁ። ከሰው ሁሉ ጋር ስከራከር ከእናቴ ጋር ብቻ አልተከራከርሁም።

ባለፈው ጥር ይፋግ ገበያ አልጣሽን አገኘኋት። ከደረደረችው ማሰሮ ኋላ ተቀምጣለች፤ ጠጉሯ ሸብቷል። ከፊቷ ቆሜ "እትዬ አልጣሽ" አልኋት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ቀና ብላ አየችኝ። "የውዳሴ ልጅ። ዕንቁ" አለች።

ተንበርክኬ ሁሉን ነገርኋት። ስኳሩን፣ ጭሱን፣ ያልጨረስሁትን ቃል።

"አውቃለሁ እኮ" አለችኝ። "ያን ለታ ከፊትሽ ላይ አነበብሁት።"

"ለምን አልተናገሩም?"

"ማን ሊሰማኝ? አንቺንም 'ከቡዳ ቤት በላች' ብለው ቆዳሽን ይልጡት ነበር። ልጅ ነሽ።" ማሰሮ አንሥታ በጣቷ ቀለበት አንኳኳችው፤ ድምፁን ሰምታ መልሳ አስቀመጠችው። "ልጄ መባ ሁለት ጊዜ ታጨች፣ ሁለቴም ቀረች። 'እናቷ ፎገራ ላይ ሕፃን በልታ የተባረረች ናት' ይላሉ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ከእንግዲህ ግድም የለኝ። ለእሷ ግን ስሜን የጠራው አፍ ክሱን ያንሣልኝ። በተጠራሁበት ሰው ፊት።"

እሺ አልኋት፤ በማርያም ማልሁላት። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የማልሁት ምን እንደ ሆነ መኪናው ውስጥ ገባኝ። አልጣሽ አይደለችም ካልሁ "ታዲያ ምን ገደለው?" ይሉኛል። መልሱ የእናቴ ጣት ነው። እናቴ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ አልወለደችም፤ አባቴን ቀብራለች፤ በዓለም ላይ የቀራት እኔና ያ መጽናኛዋ ነን። ነፍሰ ጡር ነበርሁ። ስወልድ እነግራታለሁ እያልሁ ቀኑን ገፋሁት።

ሴት ልጅ ወለድሁ። ለክርስትናዋ እናቴ ቤት ዳስ ተጣለ፤ ከዚያ ከጭሱ ቀን ሰዎች ያልሞቱት ሁሉ መጡ። አያ ካሴ ዓይኑ ፈዝዞ፣ በልጁ ተመርቶ ከፊት ተቀመጠ። ቀደም ብዬ ለእናቴ በስልክ "ማር እንዳይሰጣት" ብያት ነበር። ሥቃ ነው የመለሰችልኝ፤ "እናንተንስ በምን አሳደግኋችሁ?"

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ተመልሰን ሰው መብላት ሲጀምር፣ እናቴ ልጄን ታቅፋ ከመካከል ቆመች። ቅሉን ከየት እንዳመጣችው አላየሁም። ጣቷን አጥልቃ አወጣች።

"አፍሽ ማር ይሁን፣ የኔ ዓለም" አለች።

አንጓዋን ያዝሁት። ኃይሌን አልመጠንሁትም መሰለኝ፣ ቅሉ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። የሚበላው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

"ምን ነካሽ?" አለች።

"አይሰጣትም፣ እማዬ።"

"ለምን? ለሰውመሆን…" ስሙን ስትጠራ ድምጿ ተሰበረ። "ለሰውመሆን እስከ መጨረሻዋ ቀን አልሰጠሁትም? ማር ነው? የበላችው እያለች፣ ማር ምን አደረገ?"

"አልበላችውም።"

"አልጣሽ ናት። ራስሽ ነሽ ስሟን የጠራሽ።" በዳሱ ያለውን ሰው ዞራ አየች፤ ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ለመነችኝ። "አልጣሽ ናት በይኝ፣ ዕንቁ። በይኝ፣ ልጄ።"

ያ ስም እንደገና አፌ ላይ መጣ። እሱን ብቻ ብል እናቴ ዛሬ ማታ ትተኛለች።

"አልጣሽ አይደለችም" አልሁ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ አልሁ። "ስኳር ሰጥታኝ ነበር፤ ለወንድሜ አቀመስሁት፤ ያን ልናዘዝ ነው ስሟን የጠራሁት። ስኳሩም አልገደለውም። እሷም አልበላችውም። ያለ ኃጢአቷ ነው ቤቷን ያፈረሳችሁት።"

አያ ካሴ የፈዘዘ ዓይኑን ወደ ድምፄ አዞረ። "ታዲያ ልጁን ምን ገደለው?" አለ።

 መመለስ አላስፈለገኝም። እናቴ አንጓዋ ከእጄ ሳይወጣ፣ ያችን ጣቷን የሌላ ሰው ጣት እንደ ሆነች ሁሉ ታያት ነበር። ማሩ ቀስ እያለ ወደ መዳፏ ይወርዳል። ልጄ ሽታው ስቧት፣ አፏን ከፍታ ወደዚያች ጣት ዞረች።